ጭቃ የነካው ብልቃጥ

ውዳሴ ሁለት ዓመት ካለፋት ወዲህ በእናቷ በእታለም ዓይን እንቅልፍ አልዞረም። ልጅቷ አትቆምም። ሲደግፏት እግሮቿ እንደ ማጭድ ይቆለመማሉ፤ ሲለቋት ታለቅሳለች።

በዚህ መሀል ዶክተር ትሕትና የምትባል የአጥንት ተመራማሪ ከወረታ ወደ መንደሩ መጣች። እግራቸው ያልጠና ሕፃናትን መዝግባ ለእናቶቻቸው ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ትንሽ ብልቃጥ አደለች። ለሸክላ ሠሪዋ ለአገኘሁሽ «አርባ» ብላ ሰጠቻት። ቀጥላ ለእታለም «አርባ አንድ» አለች።

«በየቀኑ አምስት ጠብታ» አለች። «ግማሾቹ ውስጥ አጥንት የሚያጠነክረው ቫይታሚን ዲ አለ። ግማሾቹ ውስጥ ዘይት ብቻ ነው። የማን የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ የታሸገው ወረቀት ከስድስት ወር በኋላ ሲከፈት እናያለን። ዘይት የደረሰው ያኔ መድኃኒቱን ያገኛል። እስከዚያ እንዳትለዋወጡ። ልጆቹንም የጠዋት ፀሐይ አሙቋቸው።»

«የኔይቱ እስከዚያ ትቆይልኛለች?» አለች እታለም።

ዶክተሯ የውዳሴን እግር ዳሰሰች። «አጥንት ጠምሞ ከጠነከረ በኋላ ማቃናቱ ያስቸግራል» አለች።

የእታለምና የአገኘሁሽ ደጃፍ ፊት ለፊት ነው፤ ሆኖም እሳት እንኳ ተጫጭረው አያውቁም። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት፣ ልጅ ትበላለች ይባላል። ማን እንዳየ ሲጠየቅ ሁሉም ወደ ሌላው ይጠቁማል። እታለም ግን ውዳሴን ደጅ አታወጣትም፤ ሩዝ ማሳ ስትወርድም በጋቢ ጠቅልላ ነው የምታዝላት።

ሦስት ወር ሲሞላ የአገኘሁሽ ልጅ ባየህ ቆመ። በሳምንቱ ፀሐይ ላይ በተሰጡት ጀበናዎች መሀል ድክ ድክ አለ። እናቱ እልል አላለችም። ወደ እታለም ደጅ ረጅም ጊዜ አየችና ወደ ቤቷ ገባች።

«አየሽ?» አሉ የእታለም አማት፣ እማማ ንግሥቲ። «የሷ ሲቆም ያንችይቱ ዛለች። ከኛይቱ ወስዳ አይዶል እንዴ!»

በሦስተኛው ቀን እታለም ከአረም ስትመለስ ብልቃጡ ከመደርደሪያው ላይ እንደነበረ አለ። አንገቱ ላይ ግን የደረቀ ቀይ ጭቃ ተለጥፎበታል፤ የጣት ምልክት። ውስጡም ከትናንቱ ይልቅ ሞላ ያለ መሰላት።

«ሸክላ ሠሪዋ የጨመረችበት ነገር አለ! ልጄን ልትጨርስብኝ ነው!» ብላ ጮኸች።

ያን ቀን ጠብታውን አልሰጠችም። ቀኑን ሙሉ አለቀሰች፤ ፈራች፤ ተናደደች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ። በማግስቱ አገኘሁሽ እንስራዋን አዝላ ይፋግ ገበያ ስትሄድ፣ እታለም ጭቃ የነካውን ብልቃጥ ይዛ መንገዱን ተሻግራ እቤቷ ገባች። ባየህን ያቆመው ብልቃጥ ግድግዳው ጥግ ተቀምጧል። በሸክላ ሠሪ ቤት ተቀምጦ እንኳ ብልቃጡ ንጹሕ ነበር። እሱን አነሳች፤ ጭቃ የነካውን በቦታው ተወች። «እግዜር ይቅር ይበለኝ» አለች፤ ከልቧ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን አላስታጎለችም። አምስት ጠብታ፣ ከነጸሎቱ። አንድ ወር አለፈ። ሁለት ወር አለፈ። የውዳሴ እግር ይባስ ጎበጠ፤ አሁንማ ሲነኳትም ትጮኻለች። እታለም ማሳው ውስጥ ተቀምጣ ደረቷን ደቃች።

ስድስተኛው ወር ሲያልቅ ዶክተር ትሕትና እናቶቹን ሰብስባ ወረቀቱን ከፈተች።

«አርባ፣ መድኃኒት» ብላ አነበበች። «አርባ አንድ፣ ዘይት።»

አገኘሁሽ በሐሳብ አንገቷን ነቀነቀች። እታለምም እውነተኛውን መውሰዷን አረጋገጠች፤ ታዲያ ልጇ ለምን አልቆመችም? ፊደል አልቆጠረችም፤ ቁጥሩ ሌብነቷን እንደሚያወጣባት ግን ታውቃለች። ቁጥሩን በአውራ ጣቷ ሸፍና ብልቃጡን ሰጠች።

ዶክተሯ አገላብጣ አየችው። «አርባ አንድ» አለች። «ያው መጀመሪያ የሰጠሁሽ ነው። አይዞሽ፣ ዛሬ መድኃኒቱን እንጀምርላታለን።»

አገኘሁሽ በራሷ እጅ ያለውን ብልቃጥ፣ አንገቱ ላይ የደረቀውን ጭቃ፣ አንድ ጊዜ አየችና ጠጋ አለቻት።

«እህቴ፣ የኔው ቆሞልኛል ብዬ አረም የወረድሽ ዕለት የኔን ካንቺ መደርደሪያ አስቀምጬ ያንቺን ወስጄ ነበር። ማን መለሰው?»