ከላይ ሰባት፣ ከታች ስድስት

በነርሷ ስልክ ስክሪን አናት ላይ ያለችው ሰማያዊ አሞሌ «አልጋ ስድስት» ትላለች። ከሥሯ ያለው ነጭ ገጽ ደግሞ «ኢንሱሊን፣ አሥራ ስምንት» ይላል። አልጋ ስድስት ባዶ ነው፤ ባለቤቱ፣ ጡረታ የወጣው የከባድ መኪና ሹፌር፣ ራጅ ሊነሳ ሄዷል። አልጋ ሰባት ላይ ብረት በያጁ በጀርባው ተኝቶ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ኩላሊቱ ደክሟል፣ ምግብም እምብዛም አይቀምስም። የእሱ የኢንሱሊን መጠን አራት ብቻ ነው።

ፕሮግራመሯ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። የሠራችው መተግበሪያ ከቢሮ ወጥቶ በሽተኞች ክፍል የገባው ዛሬ ነው። ያስገባችላትም ታላቅ እህቷ፣ ይህችው ነርስ ናት፤ የክፍሉን ኃላፊ ደጅ ጠንታ፣ ለምና። አሞሌዋን በትልቁ ያሠራቻትም እሷ ናት። «እጃቸው ላይ የታሰረውን የስም መለያ ለማንበብ ብርድ ልብስ ስገልጥ ልኑር እንዴ? ከላይ አስቀምጪልኝ፣ የትም ገጽ ብሄድ እንዳትጠፋብኝ» ብላ።

«ሹፌራችን እስኪመለሱ ወደ ጎረቤታቸው» አለች ነርሷ፤ የሚቀጥለውን ታካሚ ከፈተች። አሞሌዋም ገጹም ተለወጡ።

ጓንቷን አጠለቀች። ስልኩን ከጎኑ ይዛ ትሪው ላይ ስታስቀምጠው አውራ ጣቷ የስክሪኑን ዳር ታክኮ አለፈ። ፕሮግራመሯ ጣቱን አየችው። ስክሪኑ ግን ከቆመችበት አይታያትም።

«አልጋ ሰባት» ብላ ነርሷ ከላይ አነበበች። «አሥራ ስምንት» ብላ ከታች። ከዓመት ፈቃድ የተመለሰችው ዛሬ ጠዋት ነው፤ በያጁን ከዚህ በፊት አታውቀውም።

«ስንት ነው ዛሬ?» አለ በያጁ፣ አንገቱን ሳያዞር።

«ሐኪሙ ያዘዘውን ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ።»

ሆዱ ላይ ወጋችው፤ «ተሰጥቷል» የሚለውን ተጫነች። ወደ አልጋ ስምንት ስታልፍ ለእህቷ ጥቅሻ ጣል አደረገችላት። ፕሮግራመሯ ስንት ሌሊት የለፋችበት ነገር በሰው እጅ ሲሠራ አየችና ደረቷ ሞላ።

ሹፌሩ የተመለሰው ክፍሉን ዞረው ሊጨርሱ ሲሉ ነው፤ በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋ፣ ከበሩ ጀምሮ እያወራ።

«ሲስተር፣ ምሳ እየመጣ ነው። የኔ መርፌስ?»

ነርሷ ስልኩን ከፈተች። «ወስደዋል ይላል እኮ፣ ጋሼ።»

«የት? ራጅ ክፍል ድረስ ተከትላችሁ ወጋችሁኝ?» ሳቀ። «እኔ መሪ ይዤ እንኳ ተኝቼ አላውቅም። መርፌማ ሲገባብኝ እነቃለሁ።»

ከአልጋ ስምንት በኩል አንድ ሰው አብሮ ሳቀ። ነርሷ አልሳቀችም። ፕሮግራመሯ ስልኩን ከእጇ ወሰደች። አልጋ ስድስት፣ አሥራ ስምንት፣ ተሰጥቷል። ከሥሩ የእህቷ ስም።

አውራ ጣቱ ታወሳት። ቢሮ ውስጥ ሁሉም ወደ ኋላ የሚመለሰው አሞሌዋ ላይ ያለችውን ቀስት ነክቶ ነው። ቀስቷ ስትነካ አሞሌዋም ታውቃለች፣ ስሟን ትቀይራለች። ስልኩ ራሱ ከዳር ሲታሽ ገጹን ወደ ኋላ እንደሚመልስ የማያውቅ የለም፤ ያን ጊዜ አሞሌዋ ምን እንደምትል ግን አንድም ሰው አላየም። ጓንት አጥልቆ የፈተነም አልነበረም።

አልጋ ሰባትን ከፈተች። በአውራ ጣቷ የስክሪኑን ዳር አሸት አደረገች። ነጩ ገጽ ወደ ስድስት ተመለሰ። ሰማያዊዋ አሞሌ ሰባት እንዳለች ቀረች።

«እትዬ» አለች። ስልኩን አዞረችላት።

ነርሷ ስክሪኑን አየች። ከዚያ ዞራ አልጋ ሰባትን አየች። የበያጁ ትራስ በላብ ርሷል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የለውም።

«ጋሼ። ጋሼ፣ ይሰሙኛል?»

ዓይኑ ተከፈተ፣ እሷን ግን አላየም። ነርሷ ትከሻውን ይዛ ሐኪሙን ተጣራች። ሐኪሙ ከጎን ክፍል እየሮጠ መጣ።

«ስንት ወጋሽው?»

«አሥራ ስምንት።»

«የእሱ አራት አይደለም እንዴ?»

«ነው። እጁ ላይ የታሰረውን አላየሁም።»

«እሷ አይደለችም፣ ዶክተር» አለች ፕሮግራመሯ፣ ስልኩን ወደ ፊቱ አስጠግታ። «ይዩት፣ እኔ ነኝ፣ አሞሌዋ ከገጹ ጋር —»

ሐኪሙ ስልኩን በክንዱ ገፋ አድርጎ አለፈ።

«ሚጡ» አለች እህቷ፣ ቀና ሳትል፣ የበያጁን ክንድ በላስቲክ እያሰረች። «ስልኩን አስቀምጪና እግሮቹን ያዢልኝ።»

ያዘቻቸው። ቀዝቃዛና እርጥብ ነበሩ፣ ከእጇ ሊያመልጡ ይታገላሉ፤ ከባድ ሰው ነው። ሹፌሩ ወሬውን አቁሞ ወንበሩን በገዛ እጁ ወደ መስኮቱ አዞረ። ነርሷ ግሉኮስ የምትሰጥበት ደም ሥር ትፈልጋለች፣ ታጣለች፣ ዝቅ ብላ እንደገና ትፈልጋለች። ሐኪሙ በሌላኛው በኩል የበያጁን ጣት ወጋ። ዕድሜ ልኩን ብረትና እሳት ያወፈረው ቆዳ ነው፤ ደም የወጣው ሁለተኛ ሲወጋው ነው። ጠብታውን የስኳር መለኪያው ላይ አስነካና ጠበቀ።

ጠዋት ስኳሩ መቶ ሰባ ነበር። አሁን ሃያ ስድስት አለ።