ከአልጋው ግርጌ

ጡረተኛው ባቡር ነጂ ጋሽ ድንበሩ ሐኪሙን ጠምደው ይዘውታል። ጠዋት ጠዋት ይመጣና የቆሰለ እግራቸውን ገልጦ ያያል፤ ከዚያ ከአልጋው ግርጌ ቆሞ ከልጃቸው ከሰዋሰው ጋር በእንግሊዝኛ ይነጋገራል። እሳቸውን ሊያማክር ቀርቶ እንዴት አደሩ ብሏቸው አያውቅም።

"ምን አድርጌው ነው ልጄ?" ሲሏት ሰዋሰው ትራሳቸውን እያስተካከለች፣ "ተወው አባዬ፣ ሽማግሌ ማናገር አይወድም። እኔ አለሁልህ አይደል?" ትላቸዋለች። እሷ ካለችላቸውማ ምን ገዷቸው!

አንድ ቀን ሾርባ ልታመጣ እንደወጣች ሐኪሙ ገባ። ሽማግሌው ትዕግሥታቸው አልቆ፣ "አንተ ሰው፣ እግሩ እኮ የኔ ነው! ምን ልታደርጉት አስባችኋል?" አሉት።

ሐኪሙ ክው ብሎ ቀረ። "አባቴ፣ ይሰማሉ እንዴ?"

"ምን ሆኜ አልሰማም?"

"ልጅዎ፣ 'ጆሮው አይሰማም፣ ሰውም አይለይም' ብላኝ እኮ ነው።" ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ። "ወይ መድኃኒቱን ቀይረን እንሞክር፣ ወይ እግሩ ይቆረጥ ብያት ነበር። እሷ 'እስኪድን ማስታመም አልችልም፣ ይቆረጥ' አለች። ቀዶ ጥገናው ነገ ነው።"

ጋሽ ድንበሩ እጃቸውን ሰደው እግራቸውን ዳበሱ። ያለቻቸው ልጅ እሷ ብቻ ነበረች።

ሰዋሰው ሾርባውን በፎጣ ጠቅልላ ስትመለስ ሐኪሙን ከአባቷ ራስጌ ተቀምጦ አገኘችው። ፊቷ ተለዋወጠ። ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣ "አባቴ ምን አለህ?" አለችው።

"እኔን ጠይቂኝ" አሉ ጋሽ ድንበሩ።