እንደ ፀሐይ የበራው አምፖል

ከምነግራችሁ አንዲት ፊደል ብዋሽ ኤሌክትሪክ ያጣብቀኝ! የሚስቴ ወንድም ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ከቧንቧ እንደሚቀዳው ከጠረጠርኩ ወር ሆኖኝ ነበር። የተጣራ ውሃ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ገና አልተወለደም። ደንበኞቹ ፊት ከሚሸጠው ውሃ በብርጭቆ ቀድቼ ሚስቴን አስያዝኳትና ከባትሪና ከአምፖል ያገናኘኋቸውን ሁለት ሽቦዎች ውሃው ውስጥ ነከርኩ። አምፖሉ እንደ ፀሐይ ቦግ አለ፤ መንገደኛው ሁሉ ዓይኑን ሸፈነ!

«አንተ ሌባ! ይሄ ነው የተጣራው?» አልኩት።

«ኧረ ጋሼ፣ ስሜን አታጥፋው፤ እንጀራዬ እኮ ነው» አለ። ደንበኞቹ ግን ባዶ ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው መሄድ ጀምረው ነበር።

ሚስቴ ብርጭቆውን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

«ሽቦዎቹ እኮ ውስጥ ተነካክተዋል» አለች ቀስ ብላ።

በጣቷ አለያየቻቸው። አምፖሉ ጠፋ።