ባለ ቢጫ ኮፍያው

«ያ ባለ ቢጫ ኮፍያ ዳኛ ሰው በላ ነው አሉ» ትላለች ብርቄ። እሷና ጓደኛዋ አንድ ክለብ፣ አንድ መኝታ ክፍል ናቸው፤ ቁርስ ላይም፣ ጫማ ሲያስሩም ይህንኑ ትደግምላታለች። «አምና ሦስት ልጆች ያስባረረው እሱ ነው አሉ። ወዮልሽ እሱ ጋ ስትደርሺ!»

የእርምጃ ውድድር እንደ ሩጫ አይደለም። ጉልበቷን ያጠፈች ወይም ሁለቱም እግሮቿ ከመሬት የለቀቁባት ቀይ ካርድ ይጻፍባታል፤ ሦስት የሞላባት ትባረራለች። ዛሬ ሰሌዳው ላይ ከብርቄ ጓደኛ ቁጥር አጠገብ ሁለት ቀይ ተለጥፏል፤ የትኞቹ ዳኞች እንደሰጧት ግን አይናገርም። ብሔራዊ ቡድን የምትገባው አንደኛ የወጣችው ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ የመጨረሻውን ዙር ሠላሳ ሜትር ያህል እየመራች ጀምራለች።

መታጠፊያው ላይ ቢጫው ኮፍያ ብቅ አለ። ሰውየው ጎንበስ ብሎ እግሯን እግሯን ያያል። የሚያንሸራትት ጭቃ እንደሚሻገር ሰው ቀስ አለች፤ አንድ እርምጃ፣ ደግሞ አንድ። ከኋላዋ ኮቴ ቀረበ፣ ደረሰባት፣ አለፋት። ብርቄ ነበረች።

ሁለተኛ ወጥታ አስፋልቱ ላይ ተዘርግታ ሳለ ዳኛው ኮፍያውን በእጁ ይዞ መጣ።

«ልጄ፣ እንዲያ አምሮብሽ ስትመጪ እኔ ጋ ስትደርሺ ምን ነካሽ?»

«ሦስተኛውን እንዳይሰጡኝ ፈርቼ ነዋ፣ ጋሼ።»

«እኔ? አንደኛው ቀይ እኮ የኔ ነው፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ሰጥቼሻለሁ። አንድ ዳኛ ለአንድ ተወዳዳሪ ሁለት ቀይ አይሰጥም።» ግራ ገብቶት አያት። «አምና ብርቄም እንዳንቺ ፈርታኝ ስትዘገይ ቁጭ አድርጌ አስረድቻት ነበር። አልነገረችሽም?»