የሙንታሲር ጀርባ

ሳቢሪን የስልኳን መቅረጫ ከፍታ ጠረጴዛው ላይ ስታኖረው፣ የሙንታሲር እናት መሕቡባ ጎረቤት እንዳይሰማ ለሦስተኛ ጊዜ ተነስታ የተዘጋውን በር ገፋ ገፋ አድርጋ ተመለሰች። ሳቢሪን ራሷም እንደ ሙንታሲር ከደቡብ አፍሪካ ተመላሽ ናት፤ እዚያ «የውጭ ሰው» ተብለው የተመቱትን የቡታጅራ ልጆች ቃል እየዞረች ትሰበስባለች። «የተመላሾች ማኅበራችን እዚያ ላለው ፖሊስ ይሰጠዋል። እኛው ካልተናገርን ማን ይናገርልናል?» አለች። «እትዬ፣ እስቲ ለብቻችን ብትተዉን?»

«በገዛ ቤቴ? ወላሂ አልወጣም!»

ሙንታሲር ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል። እናቱን አየ፣ ስልኩን አየ። «ማንም አልነካኝም። የመኪና አደጋ ነው» አለ።

ሳቢሪን ልታጠፋው እጇን ስትዘረጋ መሕቡባ ቀልጠፍ ብላ ያዘቻት። የመሕቡባ እጅ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ልጇ ከመጣ ጀምሮ የጀርባውን ጠባሳ በየቀኑ በቅቤ የምታሸው እሷ ናት።

«አታጥፊው። አንተ ልጅ፣ በዚህ እጄ ስዳስሰው የእሳት ጠባሳ የማላውቅ መሰለህ? ለኔ ብለህ ዋሸኸኝ፤ እኔም ላንተ ብዬ ጎረቤቱን ሁሉ መኪና ነው አልኩት። ያቃጠሉህ ሰዎች ግን በኛ ውሸት አይድኑም!» ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ፣ ጆሮው ለደከመ ሰው እንደሚናገር ጮኸችበት፦ «እናቱ ነኝ! እሳት ነው!»

ከዚያ ቁጭ አለች፤ አልተነሳችም።

ሙንታሲር የአንገቱን ቁልፍ ፈታ።

«እዚያ የምሠራበትን ሱቅ ከውጭ ቆለፉብኝ» ብሎ ጀመረ።