ዜሮ ሰከንድ

ዶሪን አሥራ ሰባተኛውን ዓሣ ለኦርላ ትሰጣትና የስክሪኑን ጥግ ታያለች። ምንም የለም። አሥራ ስምንተኛውን ትጨምርላታለች።

እሷን ከሚያዩበት መስታወት ወዲህ፣ ጨለም ባለችው ክፍል ውስጥ፣ ዋሊ ፔትሪሺን ወንበሩ ላይ ተንፈላስሶ በመላው አልበርታ አቻ የሌለውን ጢሙን ይጠመዝዛል። ኦርላን የፈጠራት እሱ ነው፤ በሚሠሩት የቪዲዮ ጌም ውስጥ ከተጫዋቹ ጎን የምትጓዝ፣ ጦር ሠራዊቷን የከዳች ቀስተኛ። በምን እንደምትደሰት፣ በምን እንደምትቀየም፣ ስታኮርፍ ወዴት እንደምትዞር ሲጽፍ አራት ዓመት ሞላው፤ እሱ ሲያወራው አርባ ይመስላል። ኤድመንተን ውስጥ የሴት ኩርፊያ የገባው ብቸኛ ወንድ እኔ ነኝ ይላል። ሁለት ጊዜ መፋታቱንም ለማስረጃ ያቀርባል።

አጠገቡ ያለችው የዋሊ አለቃ ጃስሊን ግሬዋል ግን ዛሬ አትስቅም። እስካሁን ጌሙን የሞከሩት ሁሉ ያደረጉት አንድ ነገር ነው። ኦርላን በስጦታ ያጥለቀልቋታል፤ ጥግ ላይ "ኦርላ ደስ ብሏታል" የሚል ጽሑፍ ብቅ ባለ ቁጥር ነጥቧን ይደምራሉ፤ መቶ ሲሞላ ፍቅሯን ትገልጽላቸዋለች፤ እነሱም ድንኳን ውስጥ ጥለዋት መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። አንዱማ በአሥራ አንድ ደቂቃ ነው የጨረሳት። የመጨረሻዋ ሞካሪ ዶሪን ናት፤ ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታ ጡረታ የወጣች ሴትዮ። እሷም ኦርላን ከተወቻት፣ እኩለ ቀን ላይ ኦርላ ከጌሙ ትሰረዛለች።

"ዋሊ፣ ጽሑፉ የታለ?" ትላለች ጃስሊን።

"የቱ ጽሑፍ?"

"አታሹፍብኝ። ሴትዮዋ አሥራ ስምንት ዓሣ አብልታት አንድ 'ደስ ብሏታል' እንኳ አልወጣም።"

ዋሊ ላፕቶፑን ከፈት አድርጎ ያያል። ጽሑፉ ስክሪን ላይ የሚቆይበት ጊዜ ሦስት ሰከንድ መሆን ሲገባው ዜሮ ይላል። ትናንት በገዛ ጣቱ ሲነካካ ያበላሸው እሱ ነው። ጽሑፉማ ይወጣል፤ ለዜሮ ሰከንድ። የኦርላ ልብም ውስጥ ውስጡን መቁጠሩን አላቆመም፤ ቁጥሩን ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን የሚያዩት ግን ከመስታወቱ ወዲህ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሃምሳ ሦስት።

ሌላ ሰው ቢሆን ላብ ያጠምቀው ነበር። ዋሊ ላፕቶፑን ከደን ያደርግና እግሩን ያነባብራል።

"ጽሑፉን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

"ምን?"

"ሆን ብዬ ነዋ! ስንት ወር ያሰብኩበት ነገር መሰለሽ፣ አለቅዬ። ሰው ሲቀየምሽ ግንባሩ ላይ 'አምስት ቀንሼብሻለሁ' የሚል ጽሑፍ ይወጣል እንዴ?"

"ለእኔ ሳትነግረኝ?"

"ብነግርሽ ትፈቅጂልኝ ነበር?"

"አንተ ሰውዬ፣ ውሸትህን ከሆነ ከኦርላ ጋር ነው የምሰርዝህ።"

"ውሸቴን ከሆነ ይሄን ጢም እዚሁ ትላጪዋለሽ።"

በድምፅ ማጉያው የዶሪን ድምፅ ይመጣል፤ "ይቺ ልጅ ዓሣ አትወድም መሰለኝ።" ስጦታውን ትታ መንገድ ትጀምራለች።

ወንዝ ዳር ያለች ቤት ይደርሳሉ። አንዲት እናት ወጥታ ጦር ሜዳ ስለሄደው ልጇ ትጠይቃለች። ልጁ ሞቷል፤ ሲሞት አጠገቡ የነበረችው ኦርላ ናት፤ ዶሪንም ይህን ከራሷ ከኦርላ አፍ ሰምታለች። ከቀረቡላት መልሶች መካከል ደግ የመሰላትን ትመርጣለች፤ "ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሻል።"

ሃምሳ ሦስቱ አርባ አንድ ይሆናል።

በዶሪን በኩል የወጣ ጽሑፍ የለም። ኦርላ ብቻ ቀስቷን ዝቅ አድርጋ ፊቷን ወደ ወንዙ ታዞራለች።

ዶሪን ወደ ስክሪኑ ጠጋ ትላለች። "ምነው? ምን አደረግኩሽ?" ኦርላ ወንዙን ታያለች። "እናትየዋን ላስለቅሳት ኖሯል? ተናገሪ እንጂ! የኋላ መቀመጫ ላይ ስንቱን አኩራፊ አይቻለሁ መሰለሽ። የሚያስፈሩኝ ዝም የሚሉት ናቸው።"

"እያወራቻት ነው" ትላለች ጃስሊን በሹክሹክታ።

የዶሪን አውራ ጣት "ድንኳን ውስጥ ተዋት" የሚለው ቁልፍ ላይ ያርፋል። የዋሊ እግር መወዛወዙን ያቆማል። ከእኩለ ቀን በፊት የቀረው ስድስት ደቂቃ ነው።

የዶሪን ጣት ይነሳል። ዶሪን ዞራ የእናትየዋን በር ታንኳኳለች። ዋሊ ይህን መመለስ ጽፎት ረስቶታል፤ እስካሁን የተመለሰ አልነበረማ። ዶሪን እውነቱን ትነግራታለች። እናትየዋ ደፉ ላይ ቁጭ ትላለች፤ ኦርላ ጎንበስ ብላ የልጁን የመጨረሻ ቃል ትነግራታለች። አርባ አንዱ ስልሳ ይሆናል። ዶሪን አታየውም፤ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ነው።

ጃስሊን የማይክሮፎኑን ቁልፍ ትጫናለች። "ዶሪን፣ ምሳ ደርሷል። የዶነር ሳንድዊቹ ሳይበርድ ነይ።"

"አንዴ ጠብቂኝማ።"

ጌሙ ውስጥ ዝናብ ጀምሯል። ዶሪን ጆይስቲኩን አልለቀቀችም። ጌሙ ውስጥ የምትነዳውን ሰው ወዲያ ወዲህ እያስኬደች ትፈልጋለች፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው፣ በመጨረሻ ወደ አንድ በረት ታዛ። ኦርላ እንደ ልማዷ ከኋላዋ ተከትላ ከታዛው ሥር ትገባለች። ዶሪን በደንብ መግባቷን አይታ ጆይስቲኩን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥና ትወጣለች።

"ከዝናብ ማስጠለል ስንት ነጥብ ነው ያደረግከው?" ትላለች ጃስሊን።

ዋሊ አፉን ይከፍታል። ጉራው ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። ቁጥሩን ያያል፤ ስልሳ፣ እንደቆመ ነው። እጁ ከጢሙ ላይ ይወርዳል።

"ምንም። አልጻፍኩትም።"

ጃስሊን ካፖርቷን ታነሳለች። "ያን ዜሮ እንዳትነካው" ትለዋለች በሩ ላይ ሆና። "ጢሙንም ይዘኸው ሂድ።"

ከመስታወቱ ወዲያ ወንበሩ ባዶ ነው። ስክሪኑ ላይ ይዘንባል፤ ኦርላ ታዛው ሥር ቆማ፣ ከቆቧ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ትጠብቃለች።