አንዲት እጅ

ቀረብ በሉ ልጆቼ፣ ተቀመጡና ስለ አንዲት እናት ላጫውታችሁ።

እሁድ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ። ጋንጃ በሕግ ሊፈቀድ ነው የሚል ወሬ ከተማውን ሞልቶት ነበር። ፓስተራችን ስብከታቸውን ሲጨርሱ፣ «ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ ነው። ይሄ ጭስ እንዲፈቀድ የሚፈልግ አማኝ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ!» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። መቼም ማን ያወጣል?

ከኋላ፣ ሁልጊዜ ብቻዋን ከምትቀመጥበት አግዳሚ፣ ያቺ እናት እጇን አወጣች።

ሳቁ ቀጥ አለ። አንድያ ልጇ ያቤጽ በዚያው ቅጠል አእምሮው ተነክቶ፣ ከአጥር ጋር ሲያወራ ያላየው ሰው አልነበረም።

«እህቴ፣ ጥያቄው አልገባሽም መሰለኝ» አሏት ፓስተሩ በለሰለሰ ድምፅ።

«ገብቶኛል ፓስተር። ቅጠሉ ክፉ ነው፣ ልጄን አጥፍቶብኛል። የማንም ልጅ አይንካው። ግን ይፈቀድ።»

«እንዴት ሆኖ?»

«ፖሊሶች ሊይዙት ሲመጡ በጓሮ ዘሎ ጠፋ። ይኸው እስከ ዛሬ ወሬው የለም። ከተፈቀደ የሚያስፈራው ስለሌለ ይመለስልኛል ብዬ ነው።»

ከፊቷ የተቀመጠች ሴት ዞር አለችና፣ «ውይ እናቴን! የጠቆመበት ሰው ምላሱ ይቆረጥ!» አለች።

እናትየዋ እጇን አላወረደችም።

«እኔ ነኝ የጠቆምኩት» አለች። «ይዘው ያሳክሙልኛል ብዬ።»

ልጆቼ፣ ስለዚህ ቅጠል ክርክር በሰማችሁ ቁጥር፣ እባካችሁ፣ እሷን በጸሎት አስቧት።